እናትን መጦርና የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲጋጩ ምን ይደረጋል? ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ ኑ እስቲ

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ቢረዝም ታገሱኝ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ ይዟታል። ሳቢያን ነው የምንኖረው፣ እኔና እሷ ብቻ። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፣ ካረፈ ቆይቷል። አሁን አሁን እማዬ ቀትር ላይ ብድግ ትልና "ባቡሩ ገብቷል፣ ምሳውን ላድርስለት" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። በዚያ በድሬ ፀሐይ! አሮጌው ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ አዲሱም ጣቢያ ያለው ከከተማ ወጥቶ ነው፣ እሷ ግን ወደ ለገሃር መንገድ ትጀምራለች። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ያውቋታል፣ አሳፍረው ይመልሱልኛል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ጭንቀቴ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ፣ የሴቶች ኅብረትንም አስተባብራለሁ። ልምምድ፣ ጸሎት፣ ጥየቃ፣ እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን። ትንሽ ልቀንስ ብዬ ሳማክር አንድ በጣም የማከብረው መሪ ሉቃስ 9፥62ን ጠቀሰልኝ፣ ዕርፍ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው የሚናገረውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ወንድሜ ጅቡቲ ነው የሚሠራው። ሠራተኛ ቅጠሪ ይላል፣ ግን ለአዲሱ የጸሎት አዳራሽ ቃል የገባው ገንዘብ ስላለ እሱን ሳይጨርስ ደመወዟን መቻል እንደማይችል ነገረኝ።

አገልግሎቴን ብቀንስ ጌታን ማሳነስ ይሆንብኛል? ሠራተኛ ብቀጥርስ እናቴን ለሰው መጣል ነው? በናታችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ወለተ ሐረር፦
አይዞሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት አንቺ ቤት ውስጥ እያደረግሽ ያለሽው ራሱ አገልግሎት ነው። ብዙ ሰው መድረክ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው አገልግሎት የሚለው። እናቱን ያጠበ፣ ያጎረሰ፣ ሌሊት ተነስቶ ያለበሰ ሰው ስሙ አይጠራም። እግዚአብሔር ዘንድ ግን የተጻፈ ነው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፈ ሲራክ አለ። ምዕራፍ 3ን ፈልገሽ አንብቢው። አባትህን በእርጅናው እርዳው ይላል፣ ቀጥሎም አእምሮው እንኳ ቢደክም ታገሠው፣ አንተ ጉልበት አለኝ ብለህ አትናቀው ይላል። የእናትሽን ሁኔታ አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ሲራክን የማትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ምሳሌ 23፥22 አለ፣ እናትህ ባረጀች ጊዜ አትናቃት የሚለው።

የወንድምሽ ነገር ግን አሳስቦኛል። ማርቆስ 7ን ከቁጥር 9 እስከ 13 አንብባችሁ በስልክ ተነጋገሩበት። ጌታ እዚያ ጋ የሚገሥጸው ዘራፊን ወይም ሰካራምን አይደለም። ሃይማኖተኞችን ነው። አባቱና እናቱ ሊረዱበት የሚገባውን ነገር "ቁርባን ነው"፣ ማለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብሎ እጁን የሚሰበስበውን ሰው እነሱ ደግፈውታል። ጌታ ደግሞ ይሄን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ነው አለው። እግዚአብሔር ራሱ ለእኔ ከምትሰጠኝ ቀድመህ ለእናትህ ስጥ ማለቱ እኮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይበለን?

ይሄ የእናንተ ብቻ ጣጣ አይደለም፣ እኛም ጋ አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስንወጣ ስለት ይዘን ነው። ስለት መልካም ነው፣ እኔም እሳላለሁ፣ ሲደርስልኝም አገባለሁ። ግን እናቷ የስኳር መድኃኒት መግዣ አጥታ ቤት ተኝታ እሷ ወርቅ ይዛ ደጁ የምትቆም ልጅ ካለች መልአኩ በዚያ ወርቅ የሚደሰት አይመስለኝም። ንስሐ አባቴ ሳይሸፋፍኑ ነው የሚናገሩት፣ መድኃኒቱን ገዝተሽ ስለቱን ይዘሽ ነይ ይላሉ።

ተዝካሩም እንደዚሁ ነው። በቁም እያሉ ዓመት ሙሉ ያልተጠየቁ አባት ሲሞቱ ድንኳን ይተከላል፣ በሬ ይጣላል፣ ለ40 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል። ለሙታን መጸለይንና ነዳያንን ማብላትን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፣ እሱን አልነካም። ለዚያ የሚበደረው ብር ሩቡ በቁማቸው ጊዜ ቢወጣ ግን ስንቱ ሽማግሌ መነጽር ይኖረው ነበር፣ ስንቷ እናት ፍራሽ ይኖራት ነበር። ይሄ ነገር በጣም ያመኛል።

የነምበር ዋን ልጅ፦
እኔ ትንሽ ልለይ። መሪውን ቸኩለን አንኮንነው። ሉቃስ 14፥26 አባቱንና እናቱን ስለማይጠላ ሰው ይናገራል፣ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። ማቴዎስ 10፥37ም አለ። አብርሃም የአባቱን ቤት ትቶ ነው የወጣው። እኔ ራሴ የማውቃቸው ልጆች አሉ፣ እናታቸው ስላለቀሰች ብቻ ጥምቀታቸውን የተዉ፣ የተጠሩበትን አገልግሎት የተዉ። ቤተሰብ በእኛ አገር በጣም ከባድ ነገር ነው፣ አንዳንዴ ከእግዚአብሔርም በላይ ይሆናል። ለመጦር ችግር የለብኝም። "ቤተሰብ ይቅደም" የሚለውን እንደ ሕግ አድርገን እንዳናስቀምጠው ነው።

ጡረተኛው ሸሚናደፈር፦
ሰላም ልጆቼ። ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ላይ ነው የሠራሁት። ሳቢያኗ፣ አባትሽን ሳላውቀው አልቀርም፣ በዚያ ዘመን ሁላችንም እንተዋወቅ ነበር።

አንተ የነምበር ዋኑ፣ ያመጣኸው ጥቅስ እውነት ነው፣ ሊዋጥ የሚከብድም ነው። ግን ማን እንደተናገረው ተመልከት። ያው ጌታ በ12 ዓመቱ ከመቅደስ ከተገኘ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለዮሴፍና ለማርያም ይታዘዝ ነበር፣ ሉቃስ 2፥51። ያው ጌታ መስቀል ላይ ተቸንክሮ እያለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፣ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት፣ ዮሐንስ 19። ዓለምን እያዳነ ባለበት ሰዓት ነው የእናቱን ማደሪያ ያሰበው። ከዚያ የሚበልጥ አገልግሎት ማን አለው? ከእሱ የበለጠ ሥራ በዛብኝ የሚል አለ?

ወላጅ ክርስቶስን ካድ ቢልህ ያኔ ሉቃስ 14ን አንሳ፣ እኔም ከጎንህ እቆማለሁ። ይህች እናት ግን ካጂ አላለችም። ባሌ ምሳ አልበላም ነው የምትለው።

ሌላም ልጨምር። "አባትህንና እናትህን አክብር" የሚለውን ቃል ለሕፃናት ብቻ የተነገረ አድርገን ነው የለመድነው። ሲና ተራራ ሥር ቆመው የሰሙት ግን ጎልማሶች ነበሩ፣ ልጅ የወለዱ፣ ያረጁ ወላጆች ያሏቸው። ለእኔ ቢጤው ሽማግሌ ሲባል የተነገረ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛም ጉልበት ሲከዳን እንዳንጣል ነው።

እንደ ወላጅ ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ልንገራችሁ። ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፣ ገንዘብ ይልካሉ፣ ይባረኩ። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ትልቋ ልጄ ቤት ልትገዛ ስትል ደውላ "አባዬ፣ ምን ትላለህ?" ማለቷ ነው። የዚያን አገር ቤት እኔ ምን አውቃለሁ? አላውቅም። ግን ጠየቀችኝ፣ መርቄ ሰጠኋት። ሽማግሌን አጉርሶ ጥግ ማስቀመጥ መጦር ሊባል ይችላል፣ አክብሮት ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። ቡና ሲፈላ ጥሩን፣ ነገር ሲመከር አሰሙን። በእኛ ፊት ስለ እኛ እንደ ዕቃ አታውሩ።

ነርስ ከመጋላ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ቃልዎን ለሁሉም አስታማሚ አነብላቸዋለሁ። በሽተኛው አልጋ ላይ እያለ "እሷማ ምንም አታውቅም" የሚል ቤተሰብ በየቀኑ ነው የማየው። እንደሚሰሙ እርግጠኛ ሁኑ። ቃሉ ቢጠፋባቸው እንኳ ድምፃችሁ ውስጥ ያለው ንቀት ይሰማቸዋል።

እህቴ ሳቢያኗ፣ እኔ ስለ መንፈሳዊው ብዙ አልልም፣ ስለ ጤናው ግን አንዳንድ ነገር ልበል። እናትሽ ተመርምራ ታውቃለች? የመርሳት ምልክት ሁሉ ከአንጎል በሽታ አይመጣም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊያመጡት ይችላሉ፣ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ደህና ሰንብታ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰባት ዕድሜዋ ነው ብለሽ አትለፊው። አረጋውያን ላይ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን አንዳንዴ ትኩሳትም ሕመምም ጎልቶ ሳይታይ በመዘባረቅ ሊገለጥ ይችላል። የውሃ እጥረትም እንደዚሁ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አሮጊት ሰው ጥማቱ አይታወቀውም፣ ጠጪ ካላልሻት አትጠጣም። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ስጫት።

ኪሷ ውስጥ ስልክ ቁጥርሽ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፣ ወይ ነጠላዋ ጥለት ላይ ስፌው። የግቢውን በር መቀርቀሪያ ከለመደችው ቦታ ወደ ላይ አንሺው። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ባለው ፀሐይ እንዳትወጣ ተጠንቀቂ። የምግብ ማብሰያውን ጋዝ አስታውሰሽ ዝጊ።

ባቡሩ ገባ ስትል ደግሞ "አባዬ እኮ ሞቷል" አትበያት። ሁልጊዜ አዲስ መርዶ ይሆንባታል፣ ሁልጊዜ እንደገና ታለቅሳለች።

የነምበር ዋን ልጅ፦
ታዲያ ምን ትበላት? ልትዋሻት ነው?

ነርስ ከመጋላ፦
መዋሸት አያስፈልግም። ስለ እሱ ትጠይቃት። ምን ምሳ ነበር የሚወደው? ከጅቡቲ ሲመለስ ምን ይዞ ይመጣ ነበር? አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ ብታስወራት ልቧ ያርፋል፣ መውጣቱንም ትረሳዋለች። እሷ የምትፈልገው ባሏን ነው፣ ስለ ባሏ ማውራት ደግሞ ውሸት የለበትም።

አንቺም እህቴ ሰው ነሽ። ሌት ተቀን ብቻዋን የምታስታምም ልጅ መጨረሻዋ እሷም መታመም ነው። እኔ ብዙ አይቻለሁ፣ ደክሟቸው እናታቸው ላይ መጮህ የሚጀምሩ በጣም ደግ ልጆች። ሠራተኛ መቅጠር መጣል አይደለም። መጣል የሚባለው ሠራተኛ ቀጥሮ ዘወር ብሎ አለማየት ነው። ገላዋን አጥባ ታልብሳት፣ አንቺ ፀጉሯን ሠርተሽ አብረሻት ብዪ።

ጀጎል በር፦
ከሐረር ነኝ። እናቴ ክርስቲያን ነበረች፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ አባቴ ግን ሙስሊም ነው። ለእኛ አካባቢ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቴ ጉልበቱን ታሟል፣ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ መስጊዱ በር ድረስ የማደርሰው እኔ ነኝ። በረመዳን አፍጥር ላይ ተምሩንና ሳንቡሳውን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ የጸሎት ወንድሜ "ይሄ የሌላ እምነትን መደገፍ አይሆንብህም?" ብሎ ጠየቀኝ፣ በቅንነት ነው የጠየቀው።

ያልኩት እንዲህ ነው። ትእዛዙ "አማኝ የሆነውን አባትህን አክብር" አይልም። "አባትህን" ብሎ ጨርሶታል። እኔ በአባቴ እምነት አልኖርም፣ እሱም ያውቃል፣ ተነጋግረንበታል፣ ተከፍቶም ነበር። ግን ክርስቶስን ስለተከተልኩ ከበፊቱ የከፋ ልጅ ከሆንኩበት ስለ ጌታ ምን ይማራል? የተሻልኩ ልጅ ልሁንለት እንጂ። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ገዝቶ ቤቴ የሚልክልኝ እሱ ነው። የእሱ መጽሐፍም ወላጆችህን "ኡፍ" እንኳ አትበላቸው እንደሚል ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግረኝ ነው ያደገሁት።

ስሜ ይቅር፦
ሁላችሁም ስለ ጥሩ ወላጅ ነው የምታወሩት። የእኔ አባት እናቴን ይደበድብ ነበር። እኛንም። በኋላ ጥሎን ሄዶ ሌላ ቤት ሠራ፣ እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችን። አሁን ታመመ፣ ወገብ ይዞት ተኝቷል፣ ሽማግሌ ልኮ ልጄ ትምጣ ትጡረኝ አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስናገር ሁሉም "አባትሽ ነው፣ አክብሪ፣ እርግማን ይሆንብሻል" ይሉኛል። ድምፁን ስሰማ እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ክርስቲያን አይደለሁም ማለት ነው?

ጡረተኛው ሸሚናደፈር፦
ልጄ፣ ይሄን መጻፍሽ ራሱ ቀላል አይደለም። ክርስቲያን ነሽ። እርግማኑን የሚያስፈራሩሽን አትስሚያቸው።

ኤፌሶን 6 ላይ ልጆች ሆይ ታዘዙ ብሎ የጀመረው ጳውሎስ ሦስት ቁጥር ሳይሄድ አባቶችን ይጠራቸዋል፣ ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል። እኛ አባቶች የመጀመሪያዋን ለልጆቻችን እናነባለን፣ ሁለተኛዋ ስትመጣ ገጹን እንገልጣለን። ልጁን ደብድቦ የጣለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂ ነው፣ ሽበቱ አያድነውም። ሽማግሌ ሆነው የመጡትም መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸው እሱን ነው፣ በድያለሁ ብሏል ወይ ብለው።

ወለተ ሐረር፦
በጋሼ ሐሳብ ላይ ልጨምር። ማክበር ማለት ወደሚያስፈራሽ ቤት ተመልሰሽ መግባት አይደለም። በሩቁ ሊሆን ይችላል። አጎት ወይም የአባትሽ ጎረቤት ካለ የመድኃኒቱን፣ የምትችዪውን ያህል፣ በእነሱ እጅ ላኪ። በአደባባይ አታዋርጂው። ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ፊታቸውን አዙረው ነበር ያለበሱት፣ ዘፍጥረት 9። አለበሱት፣ ግን ስካሩን ልክ ነው አላሉም። አንቺም እንደዚያ ፊትሽን አዙረሽ ማልበስ ትችያለሽ። ይቅርታው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይምጣ፣ ማንም ቀን አይቁረጥልሽ። እናትሽን ግን፣ እንጀራ ሸጣ ያሳደገችሽን፣ እሷን አንቀባርሪያት። ትእዛዙ ላይ እናትም አለች።

ስሜ ይቅር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንም እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። አጎቴ ጋ እደውላለሁ።

የችሎት ደጅ፦
ስለ ወንድምየው አንድ ነገር ልበል፣ የሕግ ሰው ነኝ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ድሬዳዋ ላይም ይሠራል፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው ተፈጻሚ የሆነው። በዚያ ሕግ ወላጅና ልጅ አንዱ ለሌላው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ለተቸገረች እናት ልጆቿ ሁሉ ተጠያቂ ናቸው፣ አብራት የምትኖረው ሴት ልጅ ብቻ አይደለችም። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሴት ልጅ ላይ ነው የሚወድቀው። ወንዱ ብር ከላከ "ጧሪ" ተብሎ ይመረቃል፣ ሴቷ ዕድሜዋን ሰጥታ ማንም አያያትም።

ወንድምሽን ክሰሺ እያልኩ አይደለም፣ እናትሽም በዚህ አትደሰትም። ግዴታው የእሱም እንደሆነ ግን ይወቀው። ዓለማዊው ሕግ እንኳ ይሄን ካለ አማኝ የሆነ ሰው ከዚያ ማነስ የለበትም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው፣ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው ይላል። ከሕጉ ይልቅ ይሄ ያስፈራል።

የነምበር ዋን ልጅ፦
ጥሩ ውይይት ነው። እኔን ግን አሁንም አንድ ጥያቄ አለኝ። አዋቂ ልጅ ማክበርና መታዘዝን እንዴት ይለያል? ለምሳሌ ማግባት የምፈልጋት ልጅ አለች፣ እናቴ በዘሯ ምክንያት አልፈቅድም ብላለች። እምነቷ አንድ ነው፣ ጠባይዋ የተመሰገነ ነው። ካገባኋት እናቴን አላከበርኩም ማለት ነው?

ጡረተኛው ሸሚናደፈር፦
ሰው አባቱንና እናቱን ይተዋል፣ ከሚስቱም ጋር ይጣበቃል የሚለውም የእግዚአብሔር ቃል ነው። በዘር ምክንያት ለሚመጣ ተቃውሞ መታዘዝ የለብህም። ድሬ ውስጥ ደግሞ! እዚህ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ ነው ያደገው፣ ባቡሩ ነው ሁላችንንም እዚህ ያመጣን። ግን አጠገቧ ተቀምጠህ አስረዳት፣ ተደብቀህ አታግባ። ልጅቷን ቤት ውሰዳት፣ ቡና ታፍላላት። የምታከብራቸውን አንድ ሽማግሌ ላክባት። ከዚያም እንቢ ካለች አግባ፣ ካገባህም በኋላ በየሳምንቱ ሂድ። በር ብትዘጋብህም ሂድ።

የሳቢያኗ፦
ተመልሻለሁ። የሁላችሁንም መልስ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ለወንድሜም በስልክ አነበብኩለት።

ማርቆስ 7 ላይ ስደርስ ዝም አለ። ከዚያ "የአዳራሹን ቃል ኪዳን ጊዜውን አራዝመዋለሁ፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ ይቅደም" አለኝ። ለኮሚቴው ራሱ ደውሎ ነግሯቸዋል፣ እነሱም በደስታ ተቀብለውታል።

መሪውን ደግሞ ቤት ድረስ እንዲመጣ ጋበዝኩት። ምንም አልተከራከርኩም፣ ከሰዓቱን እማዬ ጋ እንዲያሳልፍ ብቻ ነው የፈለግኩት። እሷ ሁለት ጊዜ ልትወጣ ተነሳች፣ ሁለቱንም ጊዜ እሱ እጇን ይዞ መለሳት። ሲሄድ የሴቶች ኅብረቱን ሌላ እህት እንድትይዘው ራሱ ሐሳብ አቀረበ። የመዘምራኑ ልምምድም በሳምንት አንድ ቀን እኛ ቤት እንዲሆን ተስማማን። ትናንት የመጀመሪያው ነበር። እማዬ የእኔን ስም የምትረሳበት ቀን አለ፣ የድሮዎቹን መዝሙሮች ግን ከእኛ ጋር ከዳር እስከ ዳር ዘመረቻቸው። ነርሷ፣ ይሄ ነገር የተለመደ ነው?

ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ከሰዓት ከሰዓት ልትመጣ ተስማምታለች። የእድራችን ሴቶች ናቸው ያገኙልኝ። ምን ምን ላሳያት? ስለ ምርመራውስ ከየት ልጀምር?

ነርስ ከመጋላ፦
አዎ፣ የተለመደ ነው። ሙዚቃ ብዙ ነገር ከጠፋ በኋላም ይቆያል፣ ስለዚህ ልጅቷ ቀትር ላይ እነዚያን መዝሙሮች ትክፈትላት፣ መውጣት የምትፈልግበት ሰዓት ያ ስለሆነ።

ምርመራውን በሽንትና በደም ጀምሪ፣ ስትሄጂ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዘሽ ሂጂ። ቅዳሜ ከሥራ ውጭ ነኝ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ መምጣት እችላለሁ። ልጅቷም እዚያው ትሁን፣ አነሳስና አስተጣጠብ አሳያታለሁ። የግቢያችሁን ምልክት በውስጥ መስመር ላኪልኝ።